ምዕራፍ አራት፦ ከካሮቱ በፊት ድርቆሹ

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲብት የሱሉልታ ሜዳ ይታጨዳል። ሐምሌና ነሐሴን ውሃ አቁሮ የከረመው ሳር ደርቆ፣ ተከምሮና ታስሮ በጭነት መኪና እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከፊሉም እዚያው ላሉት የወተት ላሞች ይቀራል። ስለ ጥንቸል የሚያወራ ምዕራፍ በላም መኖ የሚጀምረው በምክንያት ነው። ከእናቷ ተለይታ ቤት የገባች ግልገል ጥንቸል ለማደግ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋት ይኸው ድርቆሽ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች፣ ከየትኛውም የመሀል ከተማ ሰፈር ይልቅ ለዚህ መኖ ቅርብ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ጥንቸል የገዛ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ድርቆሽ ነጋዴው አይደለም፤ ካሮት ሊገዛ ወደ ጉሊት ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ለመገመት አያስቸግርም። ጥንቸል በሀገራችን እንደ በግና እንደ ዶሮ ከቤት ቤት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ዕውቀት የምትረባ እንስሳ አይደለችም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ተርታ ስለሚያስቀምጣት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ቤት ለምግብ አልተፈለገችም፤ ለምግብ ያልተፈለገ እንስሳ ደግሞ አያት ለልጅ ልጅ የምታስተላልፈው የአረባብ ብልሃት አይኖረውም። ሜዳ ላይ የምትታየው የዱር ጥንቸልም አስተማሪ ልትሆን አልቻለችም፤ ከቤቷ ጥንቸል ጋር ዘመድ ብትሆንም ሌላ ፍጥረት ናት። የደጋዋ የዱር ጥንቸል ልጆቿን የምትወልደው ፀጉር ለብሰውና ዓይናቸው ተከፍቶ ነው። የቤት ጥንቸል ልጆች ግን ራቁታቸውን ይወለዳሉ፤ ዓይናቸው የሚከፈተው በአሥር ቀን ገደማ ነው። የዘር ሐረጓም የሚመዘዘው ከኛ ተራሮች ሳይሆን ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ነው። እረኞች አልፎ አልፎ ይዘዋት የሚመጡት የዱር ግልገል ቤት ውስጥ የማደግ ዕድሏ በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ ከተገኘችበት ሳር ውስጥ ብትተው ይሻላታል።

ስለዚህ ሰው የሚያውቀውን ያደርጋል። ለበግ የሚሰጠውን ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የአተላ ዝቃጭ ያቀርባል፤ ልጆች ደግሞ በካርቱን ፊልም ያዩትን ካሮት ይጨምሩበታል።

በግ ግን ያመሰኳል። የበላውን የሚያብላላው ጨጓራው ከፊት ስለሆነ ብዙ ስህተት ይችላል። ጥንቸል ጨጓራዋ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ሳሩ የሚብላላው ከትንሹ አንጀት አልፎ፣ ዕውር አንጀት በሚባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቡሃቃ ውስጥ እንዳለ እርሾ ናቸው፤ የለመዱት ሲቀርብላቸው ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ያልለመዱት በድንገት ሲደፋባቸው ይበላሻሉ። ስኳርና ስታርች የበዛበት ምግብ ሲወርድ ጎጂዎቹ ተባዝተው መርዝ ያመነጫሉ፣ ጋዝ ይሞላል፣ አንጀቱም መንቀሳቀሱን ያቆማል። ጥንቸል ደግሞ አታስመልስም፤ በአፏ የገባውን መልሳ የምታወጣበት መንገድ የላትም።

ከዚሁ አንጀት ብዙዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ይወጣል። ጥንቸል ሁለት ዓይነት ኩስ አላት። አንዱ ቀን ቀን የሚታየው፣ ሽምብራ የሚያህል፣ ክብና ደረቅ በጠጥ ነው። ሌላው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና እርስ በርሱ የተጣበቀ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሌሊትና ንጋት ላይ ይወጣል፤ ጥንቸሏም መሬት ሳይነካ አፏን አስጠግታ ትበላዋለች። ይህ በሽታም ብልግናም አይደለም። ባክቴሪያዎቹ ያዘጋጁት ፕሮቲንና ቫይታሚን ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ፣ ይህን እንዳትበላ የተከለከለች ጥንቸል ትጎዳለች።

ግልገሏ ዘንድ ይህ ሁሉ ገና አልተደላደለም። እናት ጥንቸል ልጆቿን የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ወተቱ በሆዳቸው ሲፈጭ ጎጂ ባክቴሪያን የሚገድሉ የስብ አሲዶች ይፈጠራሉ። የአዋቂ ጥንቸል ጨጓራ በኃይለኛ አሲዱ ራሱን ሲከላከል፣ የሕፃኗ ጨጓራ አሲድ ደካማ ነው፤ የሚጠብቃት ወተቱ ነው። በሦስት ሳምንቷ ሳር መነካካት ትጀምራለች፤ እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ከጡት ትላቀቃለች። ወተቱ ቀርቶ አሲዱ ገና ሳይጠነክር፣ ባክቴሪያዎቹም ቦታቸውን ይዘው ሳይጨርሱ የሚያልፉ ጥቂት ሳምንታት አሉ። ተቅማጥ አብዝቶ የሚገድለው በእነዚያ ሳምንታት ነው። እንግዲህ ትንሽ ስለሆነች አሳዝናና አምራ የምትሸጥ የአምስት ሳምንት ግልገል ወደ አዲስ ቤት የምትገባው በዕድሜዋ አስቸጋሪው ወቅት ላይ ነው። በመኪና መንገላታቱ፣ የውሻ ጩኸቱ፣ ከወንድምና እህቶቿ መለየቱ ሲጨመር አንጀቷ ሌላ ፈተና የመቻል አቅም አይኖረውም። ቢቻል ስምንት ሳምንት ያልሞላትን አለመግዛት ነው።

ሻጩ ዘንድ መታየት ያለበት ብዙ አይደለም። ከጭራዋ ሥር ያለው ፀጉር ደረቅና ንጹህ ይሁን፤ እርጥብ ወይም የቆሸሸ ከሆነ ተቅማጥ አለ ማለት ነው። ዓይንና አፍንጫዋ ፈሳሽ አይኑራቸው። የላይና የታች የፊት ጥርሶቿ ይገጣጠሙ፤ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ካልተገጣጠመና በሳር ካልተሞረደ ረዝሞ መብላት ይከለክላታል። ከላይኞቹ ሁለት ጥርሶች ኋላ ተደብቀው የቆሙ ሌሎች ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ቢታዩ ጉድለት አይደለም፤ ጥንቸልን ከአይጥ ወገን የሚለያት ምልክት ነው። ጆሮዋን ይዞ ማንሳት ፈጽሞ አይገባም፤ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቿ ሥር ሆኖ መደገፍ አለባት። አጥንቷ ቀላል፣ የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ብርቱ በመሆኑ በአየር ላይ ስትፈራገጥ የገዛ አከርካሪዋን ልትሰብር ትችላለች። ለትንንሽ ልጆች መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንዲዳብሷት እንጂ ቆመው እንዲሸከሟት መፍቀድ አደጋ ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት መቅደም ያለበትም እሱ ነው፦ እስካሁን ምን ስትበላ ነበር?

በውጭ ሀገር የጥንቸል መመሪያዎች ዘንድ የተለመደው ምክር ትኩስ ቅጠል እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ዕድሜ ድረስ እንዲዘገይ ነው። ምክሩ የተነገረው በፋብሪካ ደረቅ መኖና በድርቆሽ ላደጉ ግልገሎች ነው። በነዚህ ከተሞች በየጓሮው የሚራቡት ጥንቸሎች አብዛኞቹ የፋብሪካ መኖ አይተው አያውቁም፤ እናቲቱ የታጨደ ሳርና የጎመን ቅጠል ስትበላ ልጆቿም ከአጠገቧ ይቀማምሳሉ። እንዲህ ያደገች ግልገል አንጀቷ አረንጓዴ ነገር ስለሚያውቅ በድንገት ማቋረጡም ራሱ ለውጥ ነው። የምትበላውን ያንኑ ሳር ወይም ቅጠል ለአንድ ሳምንት ያህል ማስቀጠል፣ አዲሱንም ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ መተካት ይበጃል። ሻጩ ከሚሰጣት መኖ ጥቂት በፌስታል ይዞ መምጣት ደግሞ ማንም የማይከለክለው ጥንቃቄ ነው። ሻጩ መልስ ከሌለው፣ ወይም «ያገኘችውን» ካለ፣ የአሥራ ሁለት ሳምንቱን ምክር መያዝ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የፀጥታ ቀናት ይሁኑ። መደበቂያ ያለው ደረቅ ሣጥን፣ የማይገለበጥ የውሃ ዕቃና ድርቆሽ ይበቋታል። የደጋው አየር ይስማማታል፤ ጥንቸል ከቅዝቃዜ ይልቅ ሙቀት ይጎዳታል፣ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ትቸገራለች። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ቢወርድም፣ ከነፋስና ከእርጥበት የተከለለች፣ ከሥሯም ወፍራም ገለባ ያላት ጥንቸል ትችለዋለች። የሌሊት አዳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በከተሞቹ ዳርቻ ጅብ አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ፣ ድመትና ውሻም አለ፤ ቀጭን የዶሮ ሽቦ ዶሮን ይዞ ያስቀር እንደሆነ እንጂ ውሻን አያስቆምም። ግልገሏን ሌሊት ቤት ውስጥ ማሳደር የሚቻል ከሆነ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

ድርቆሹን መምረጥ ጊዜ ሊወሰድበት ይገባል። በጊዜው ታጭዶ ዝናብ ሳይመታው የደረቀ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ እስሩ ሲፈታ የሳር ሽታ ይሸታል፣ ቅጠሉም ከአገዳው አልረገፈም። በእርጥበት የታሰረው መሀሉ ሲገለጥ ጠቆር ይላል፣ ይሞቃል፣ ነጭ ብናኝ ይነሳበታል፤ ያ ሻጋታ ነው። የላም አርቢ እንዲህ ያለውን እስር ዳር ዳሩን አራግፎ ሊጠቀምበት ይሞክር ይሆናል። ለጥንቸል ግን ሙሉውን መጣል ያስፈልጋል። ከሱሉልታ ሜዳ የሚታጨደው ሳር ማጌት የተቀላቀለበት ሲሆን ለግልገል ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ማጌት የጥራጥሬ ዘመድ ስለሆነ ፕሮቲንና ካልሲየም ይጨምርላታል። አልፋልፋ የሚገኝ ከሆነም እስከ ስድስትና ሰባት ወር ድረስ ጥቂት ጥቂት ይሰጣታል፣ ከዚያ በኋላ ይቀነሳል። ድርቆሽ አይመጠንም፤ ሌሊትም ቀንም ከፊቷ አይጠፋም። ከምትበላው ሁሉ አብዛኛው፣ ከአምስት እጅ አራቱ ቢሆን እንኳ፣ አልበዛም።

ስለ ፋጉሎና ስለ ፉርሽካ ጠንከር ያለ ቃል ያስፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ቀጠናን፣ ሰበታንና ሱሉልታን ጨምሮ፣ ፈትሾ ነበር። ከላም አርቢዎችና ከነጋዴዎች የተሰበሰቡት 156 የመኖ ናሙናዎችና 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቶባቸዋል፤ ዋነኛው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታወቀ። ወሬው ያኔ የተነሳው ስለ ወተት ነበር፣ ተገቢም ነው። ጥንቸል ደግሞ ለዚህ መርዝ እጅግ ተጋላጭ ከሆኑት እንስሳት አንዷ ናት፤ ጉበቷን ያበላሸዋል። ላም የምትቋቋመው መጠን ግማሽ ኪሎ የምትመዝን ግልገልን ሊገድል ይችላል። ፋጉሎ ከጥንቸል ቤት ጨርሶ ቢቀር አንዳች አይጎድልባትም። ንጹህ ፉርሽካ በእፍኝ ጫፍ ላደገች ጥንቸል ያን ያህል አይጎዳም፤ ግልገሏ ግን ታግሳ ብትቆይ ይሻላል። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ቆሎና ብስኩት ከነጭራሹ አይሰጡ።

ትኩሱ ምግብ የሚጀምረው ከጓሮ ሳር ነው። ድርቆሽ የለመደ አንጀት ለዚያው ተክል እርጥብ መልክ እንግዳ አይሆንም። ንጹህ ቦታ የበቀለ ሰርዶ በማጭድ ቆርጦ፣ ጤዛው እስኪደርቅ ጥላ ሥር አስጥቶ፣ ጠውለግ ሲል ጥቂት ዘለላ መስጠት ነው። በክረምት ውሃ የጠገበውን ለጋ ሳር ያለ ልክ ማቅረብ ሆድ ይነፋል። ታጭዶ ተከምሮ የሞቀ ሳርም መብላላት ስለጀመረ አይሆንም።

ከሳሩ በኋላ ቅጠሉ ይከተላል። አንድ ቅጠል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ፣ የአውራ ጣት ያህል። ድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ፣ ናና ወይም የካሮት ቅጠል ለመጀመሪያነት ይመቻሉ፤ ጥቁር አረንጓዴው ሰላጣም ይሆናል፣ መሀሉ ነጭና ውሃ ውሃ የሆነው ግን ተቅማጥ ያመጣል። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጠብቆ በጠጧን ማየት ነው። ክብ፣ ደረቅና እንደ ወትሮው ብዙ ከሆነ መጠኑ በጥቂቱ ይጨመራል፤ ሲለመድ ሁለተኛው ዓይነት ይተዋወቃል። በጠጡ ቢያንስ፣ ቢለሰልስ ወይም ያ የሌሊቱ ለስላሳ ኩስ ሳይበላ ፀጉሯ ላይ ተለጥፎ ቢገኝ፣ የመጨረሻው አዲስ ምግብ ወጥቶ ወደ ድርቆሽ ብቻ ይመለሳሉ። ሁለት አዳዲስ ቅጠሎች በአንድ ቀን የሚሰጥ ሰው ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይችልም፤ አንድ በአንድ የተባለው ለዚህ ነው።

የሐበሻ ጎመን፣ አዲስ አበባ ዙሪያ እንደ ልብ የሚገኘው፣ ቆይቶ ይግባ፤ ሆድ የመንፋት ጠባይ አለው። ጥቅል ጎመን ከዚያም የባሰ ነው። ቆስጣ ኦክሳሌት ስለሚበዛበት አልፎ አልፎ ካልሆነ የዕለት ምግብ አይደለም። ካሮቱ ራሱ፣ ሙዝና ፖም እንደ ከረሜላ ስኳር አላቸው፤ ስድስት ወር የሞላት ጥንቸል በሳምንት አንዴና ሁለቴ ቀጭን ቁራጭ ብታገኝ ትደሰታለች፣ ግልገሏ ግን አትፈልገውም።

ቅጠሉ ከየት እንደተቆረጠ መጠየቅ በነዚህ ከተሞች ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። የአቃቂ ወንዝ ገባሮች የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ በዚያ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ተደጋጋሚ ጥናቶች ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። ታጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም። በሰበታና በሱሉልታ የአበባ እርሻዎች ጥግ የሚበቅለው አረም ደግሞ ለዓይን ሲያምር ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። የአስፋልት ዳር ሳርም እንዲሁ ይቅር። ጓሮ ያለው ሰው በአሮጌ ጀሪካን ድንብላልና በሶብላ ቢዘራ ይህን ሥጋት ሁሉ ያስቀረዋል።

አጥር ላይም የሚፈራ አለ። ቀለም በቀለም አበባ የሚያወጣው የወፍ ቆሎ መርዛማ ነው። ጉሎ፣ አስተናግርና እንዶድም እንዲሁ። ጤና አዳም ለቡና ቢሆንም ለጥንቸል አይደለም። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና አቮካዶ በማንኛውም መጠን አይሰጡ። በግቢ የምትለቀቅ ግልገል ይህን ሁሉ በራሷ ለይታ ትተወዋለች ብሎ መተማመን አይቻልም።

ተጠንቅቀውም ቢሆን ሕመም ይመጣል። በዚህ ዕድሜ የሚበዛው ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ በኩስ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ አንጀትን ወይም ጉበትን ያጠቃል፣ እርጥብና ቆሻሻ ወለል ደግሞ ያባብሰዋል። ሣጥኑን በየቀኑ መጥረግ፣ ሌሎች ጥንቸሎች የዋሉበትን ሳር አለመስጠት የመጀመሪያው መከላከያ ነው። መብላት ካቆመች ግማሽ ቀን ብቻ ካለፈ እንኳ ነገ ይሻላታል ብሎ ማደር አይገባም፤ ጥርሷን እያፋጨች ተኮራምታ ከተቀመጠች ሕመም ላይ ናት።

ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት መቀመጫ ናት፤ የሀገሪቱ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ማዕከል የሚገኘው እዚያ ነው። ለአንዲት ጥንቸል ግን የሚኬደው በአቅራቢያ ወዳለ የእንስሳት ሐኪም ነው። የአካባቢው ሐኪሞች ውሏቸው ከላምና ከበግ ጋር ስለሆነ አንድ ነገር ከባለቤቱ ቢነሳ አይከፋም፦ አሞክሲሲሊንና መሰሎቹ በአፍ ለጥንቸል አይሰጡም። ለሰው ልጅ ጉሮሮ የተገዛ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን ለግልገሏ በጥብጦ ማጠጣት በደግነት የሚፈጸም ግድያ ነው። መድኃኒቱ የዕውር አንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጅና ለመርዘኞቹ ቦታ ይለቃል፤ ጥንቸሏ በቀናት ውስጥ ትሞታለች። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ለጥንቸል የሚስማሙ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ።

ሽንቷ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሸበር አያስፈልግም፤ አንዳንድ ቅጠሎች ቀለም ይሰጡታል። ነጭና ደፍረስ ያለ ሽንትም የተለመደ ነው፤ ጥንቸል ከምትበላው ካልሲየም የተረፋትን የምታስወግደው በኩላሊቷ በኩል ነው። አልፋልፋው ሳይቀነስ ብዙ ከቆየ ይህ ድፍርስ ወደ ጠጠር ሊያመራ ስለሚችል፣ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሳር ድርቆሽ ብቻ መዞሩ ለዚህም ይጠቅማል። በዚያው ጊዜ ገደማ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ በአራትና በአምስት ወሯ፣ ለመራባት ትደርሳለች። እርግዝናዋ 31 ቀን ብቻ ስለሆነ እህትና ወንድም ተብለው አብረው የተገዙትን ጾታቸውን አስመርምሮ ለይቶ ማኖር ያስፈልጋል።

በኅዳር መግቢያ በስምንት ሳምንቷ የተገዛች ግልገል ዐቢይ ጾም ሲገባ አምስት ወር ያህል ይሆናታል። ለሃምሳ አምስት ቀን ማዕድ ቤቱ በሰላጣ፣ በጎመንና በካሮት ይሞላል፣ ትርፍራፊውም ይበዛል። እስከዚያ ድርቆሽ ስትበላ የቆየችና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ የለመደች ጥንቸል፣ ለአንድ ኪሎ ክብደቷ አንድ ጭብጥ ያህል ልዩ ልዩ ቅጠል በየቀኑ ልታገኝ ትችላለች። የሚቀርብላት ግን ከመክተፊያው አጠገብ ከተጠራቀመው ሳይሆን ለእሷ ተብሎ ቀድሞ ከተለየው መሆን አለበት፤ የሽንኩርት ልጣጭ የሚገኘው እዚያው ክምር ውስጥ ነውና።